ማስተካከያ፦ ስለ አማተር ሬዲዮ ክለቦች ማስተዋወቂያ ቪዲዮ

በአሜሪካ ያሉ የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን በግል ፍላጎት በሬዲዮ ሞገድ የመነጋገር) ክለቦች አዲስ አባላት የሚስቡበት ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ባለፈው በወጣው ጽሑፍ ላይ፣ «ፈቃድ ለማግኘት የሞርስ ኮድ ፈተና ማለፍ ግድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ (ሞርስ ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ የማስተላለፊያ ዘዴ ነው)። ትክክል አይደለም። የአገሪቱ የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኤፍ.ሲ.ሲ. ይህን ፈተና እ.ኤ.አ. በ2007 ለሁሉም የፈቃድ ደረጃዎች አስቀርቶታል። አሁን የሚጠየቀው የጽሑፍ ፈተና ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም ለቴክኒሻን፣ 35 ጥያቄ ይቀርባል፤ 26 በትክክል የመለሰ ያልፋል። ይህን ቪዲዮው ላይ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። ፍላጎት የነበረው ሰው «ሞርስ» ሲባል ሰምቶ ገና ከበሩ ይመለሳል። ሞርስ ወዳዶች ግን ዛሬም ሞልተዋል፤ ሲያንኳኩ ማሳየት ደግሞ ለካሜራ ያምራል።

ሌላው የሙዚቃ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ «ሙዚቃ ክልክል ነው» ብሎ አልፎታል። የተከለከለው ሙዚቃን በሬዲዮ ሞገዱ ላይ ማስተላለፍ ነው። ቪዲዮው ሲቀናበር ግን የባለቤቱ ፈቃድ እስካለ ድረስ ከጀርባ ማስገባት ይቻላል። የማይኩ ማስተላለፊያ ቁልፍ ተጭኖ እያለ ክፍሉ ውስጥ ዘፈን እንዳይከፈት ብቻ!

ልጆችም ቢሆኑ ፈቃድ ሳይኖራቸው በሬዲዮው ማውራት ይችላሉ፤ ባለፈቃዱ አጠገባቸው ሆኖ ከተቆጣጠረ። ከሌላ አገር ሰው ጋር ከሆነ በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀረጻውን ከአገር ውስጥ ጣቢያ ጋር ማድረግ ይቀላል።