ጉና ስትወጡ ጣናን አትርሱ

የባሕር ዳር ልጆች፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ተራራ መውጣት ማዘውተራችሁ ደስ ይለኛል። ቅዳሜና እሁድን ከድራፍት ቤት ይልቅ ዳገት ላይ የሚያሳልፍ ወጣት ማየት ያኮራል። አወጣጣችሁ ግን ያሳፍራል።

ከቅርቡ ልጀምር፣ ከቤዛዊት ኮረብታ። አባይን ከላይ ሆኖ ለማየት እንደዚያ ያለ ቦታ የለንም። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ስትወርዱ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የጫት ገረባው፣ የተሰበረው የቢራ ጠርሙስ እዚያው ይቀራል። «ቆሻሻ መጣያ የለማ!» ትላላችሁ። ሙሉውን ሃይላንድ ተሸክሞ የወጣ ሰው ባዶውን ማውረድ እንዴት ይከብደዋል?

ጉና ተራራ ላይ የምትሠሩት ደግሞ ይብሳል። መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደዚያ ስትሄዱ፣ ከሐሙሲት አልፋችሁ የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁ። ያን ጊዜ አብዛኞቻችሁ ሙዚቃ ከፍ አድርጋችሁ እየጨፈራችሁ ነው። እስቲ አንድ ቀን ዝቅ አድርጉትና ወንዙን እዩት። ክረምት ላይ ውኃ ሳይሆን አፈር የሚፈስ ነው የሚመስለው። ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ነው። ሁለቱም ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የምትረግጡት ተራራ የሐይቃችን ራስጌ ነው ማለት ነው።

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ብርድ የተረገጠ ሣር ቶሎ አያገግምም። እናንተ ግን መንገዱ ሲጠማዘዝ ትሰለቹና ጓሳውን ረግጣችሁ ቀጥ ብላችሁ ትቆርጣላችሁ። ከኋላ ያለው ይከተላችኋል። በሌላ ሳምንት የሚመጣው ቡድን «መንገድ አለ» ብሎ ይገባበታል። ሣሩ ይላጣል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያቺን መስመር ያገኛታል፤ መጀመሪያ ቦይ፣ ቆይቶ ቦረቦር ያደርጋታል። አፈሩ የት እንደሚሄድ ነግሬአችኋለሁ። እምቦጭን የሚያወፍረው ደግሞ ከአፈር ጋር ታጥቦ የሚመጣው ንጥረ ነገር ነው።

እርግጥ ትልቁ ጥፋት የእናንተ አይደለም። ተዳፋቱን ሁሉ ማረስ አለ፣ ልቅ ግጦሽ አለ፣ የገዛ ከተማችን ፍሳሽ አለ። ግን ገበሬው የሚያርሰው ቸግሮት ነው። እናንተ የምትቆርጡት ሰልችቷችሁ ነው። ለእምቦጭ ነቀላ ቦቲ አድርጋችሁ ሐይቅ የገባችሁት'ኮ እናንተው ናችሁ!

ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክልስ ምን በደላችሁ? ለብዙ ዓመታት ያድጋል፣ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሳያብብ የሰበራችሁት ጅብራ ያለ ዘር ቀረ። ግንዱ ላይ በቢላ ስም መጻፍ፣ ተንጠልጥሎ ፎቶ መነሳት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ለአንድ ማታ እሳትም አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ አትቁረጡ። ብርዱን ካልቻላችሁት ጋቢ ጨምሩ።

ስለ መጸዳዳት ማውራት ነውር ቢመስልም ይነገር። ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ሶፍቱን በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ከታች ያለው ሰው ከዚያ ውኃ ነው በጄሪካን የሚቀዳው።

«ፈረንጁስ ይጥል የለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥሏል፣ ያውም በገፍ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2014 ኤቨረስት የሚወጣ ሁሉ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነው። ካላወረደ ቡድኑ ያስያዘው 4,000 ዶላር ይቀርበት ነበር። እኛም ኪሳችን እስኪነካ እንጠብቅ?

የሰው ገብስ ውስጥ አትግቡ። ከመንገድ መሪውና ከባለ በቅሎው ጋር የተነጋገራችሁበትን ዋጋ፣ ከወረዳችሁ በኋላ አትከራከሩበት። ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ያለውን ጓደኛችሁን ደግሞ «ቀስ ብለህ ድረስብን» ብላችሁ ጥላችሁት አትሂዱ። ከፍታው ነው፤ ካልተሻለው አንዳችሁ ይዛችሁት ውረዱ። ጫፉ የትም አይሄድም።

አስተባባሪዎች፣ እናንተን ደግሞ ለብቻ ነው የምቆጣው። ለመኪናና ለምሳ ገንዘብ ስትሰበስቡ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ መግዣ አይጠፋም። መኪናው ወደ ባሕር ዳር ከመነሳቱ በፊት ማዳበሪያው ሞልቶ ይታይ። መንገድ ላይ በመስኮት የሚወረውር ካለም አስቁማችሁ አስለቅሙት። እንቢ ካለ ለሚቀጥለው ጉዞ አትመዝግቡት።