ቪ ኤይት የሞተር ስም ነው

ባለፈው ሳምንት አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግሬ እየተሻገርኩ ነበር። መስታወቱ የጠቆረ ላንድ ክሩዘር በአጠገቤ ሽው ብሎ አለፈ። ከፊቴ ከሚሄዱት ልጆች አንዱ «ቪ ኤይት!» ብሎ ጮኸ። ቪ ኤይት ማለት ስምንት ሲሊንደሮች፣ ማለትም ነዳጁ የሚፈነዳባቸው ክፍሎች፣ በቪ ቅርጽ የተደረደሩበት ሞተር ነው። መኪናው ግን ቪ ኤይት አልነበረም፤ ላንድ ክሩዘር 300 ነው። ይሄ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ቶዮታ ስምንት ሲሊንደሩን ትቶ ስድስት ነው የገጠመለት።

በልጁ አልፈርድም። ያስተማርነው እኛ ነን። እዚህ ባሕር ዳር ቪ ኤይት ማለት ሞተር መሆኑ ከቀረ ቆየ። «ሰውዬው እኮ ቪ ኤይት ይዟል» ከተባለ ስለ መኪናው የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ስለ ወንበሩ ነው። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ያንን ሞተር የሠሩ ሰዎች የለፉት ለሌላ ነገር ነበር። የለፉት ለጸጥታ ነው።

ባጃጅ ያላት ሲሊንደር አንድ ነው። ነዳጁ ውስጧ የሚፈነዳው ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ፒስተን የሚያዞረው ዘንግ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ብቻ ነው። ይመታል፣ ያርፋል፤ ይመታል፣ ያርፋል። ወገባችን ላይ የሚሰማን ንዝረት ከዚያ ነው የሚመጣው። አራት ሲሊንደር ሲሆን በአንድ ዙር ሁለት ምት ይኖራል። ስምንት ሲሆን አራት፣ አሥራ ሁለት ሲሆን ስድስት። ምቱ እየበዛ ሲሄድ አንዱ ከሌላው መለየቱ ይቀራል። ጣና ላይ በታንኳ የሄደ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀዝፍ ታንኳዋ ገፋ ትላለች፣ ቆም ትላለች። ብዙ ሰው ተራ በተራ ቢቀዝፍ ግን ቆም የምትልበት ጊዜ አታገኝም። አሥራ ሁለቱ ደግሞ ሌላም ነገር አላቸው። ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት መስመር ይሰለፋሉ። አንዱ ፒስተን ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ የአንዱን ግፊት ሌላው ያጠፋዋል።

ይሄን በዓይኔ ያየሁት አንድ መካኒክ ጓደኛዬ ጋ ነው። ጋራዡ ውስጥ ባለ 4.7 ሊትር ቤንዚን የድሮ ላንድ ክሩዘር ነበር፤ ያ እውነተኛው ቪ ኤይት ነው። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሳይረግጥ ሚኒሞ ላይ ተወው። ከዚያ ቡና የጠጣንበትን ሲኒ ውሃ ሞልቶ ሞተሩ ላይ አስቀመጠው። ውሃው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሸብሸብ አለ እንጂ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አጠገቡ የቆመው ባለ አራት ሲሊንደር ፒካፕ ላይ ሲያደርገው ግን ሲኒው ራሱ መሄድ ጀመረ። በእጄ ባልይዘው ወድቆ ነበር።

በዓለም ላይ ያሉ የቅንጦት መኪና ሠሪዎች ሲያሳድዱት የኖሩት ይሄንን ነው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1930 አሥራ ስድስት ሲሊንደር ያለው መኪና አወጣ። ቶዮታ እንኳ ለጃፓን ትልልቅ ሰዎች በሚሠራው ሴንቸሪ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ገጠመ። የዚያ ሞተር ልፋት መኪናው ፈጣን እንዲባል አልነበረም። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሞተር መኖሩን እንዲረሳ ነበር።

አሁን ዘመኑ እያለፈ ነው። ቢኤምደብሊው አሥራ ሁለት ሲሊንደሩን እ.ኤ.አ. በ2022 አቆመ፤ ቤንትሌይም በ2024 ተከተለ። ሮልስ ሮይስ ባለ 6.75 ሊትሩን አሥራ ሁለት ሲሊንደር እስካሁን ቢይዝም እ.ኤ.አ. በ2023 የኤሌክትሪክ መኪና ማስረከብ ጀምሯል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ አልከፋም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከመነሻው የሚወጣና የሚወርድ ፒስተን የለውም፤ መዞር ብቻ ነው ሥራው። ያ ሁሉ መሐንዲስ መቶ ዓመት የፈለገው ጸጥታ በአንድ ጊዜ ተገኘ።

ለትልቁ ሞተር ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት በአምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጎድላል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ትልቅ ሞተር ጥጋብ አልነበረም። ዛሬ ግን ያንን ሥራ ቱርቦ ያለው ትንሽ ሞተር በደንብ ይሠራዋል።

የሚያንገበግበኝ የአሮጌዎቹ ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ጎማው የተነፈሰ ቪ ኤይት ቆሞ አይቻለሁ። ኮፈኑ አይዘጋም። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ሰው ፈቷቸዋል። በቀዳዳዎቹ የክረምት ዝናብ ገብቶ ሲሊንደሮቹን ዝገት በልቷቸዋል። ለጨረታ ደብዳቤ ይጠብቃል አሉኝ። ስንት ዓመት ሲጠብቅ እንደኖረ ሣሩ ይናገራል።

እዚሁ ከተማ ፖሊ ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም ልጆችን በእጃቸው እያሠሩ ለማስተማር ነበር። ጨረታውን ትተው ያንን ሞተር ለምን ለተማሪዎቹ አይሰጧቸውም? ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ይነሳ። ጎኑ በመጋዝ ተቆርጦ ውስጡ ይታይ። አንዱ ተማሪ ክራንክ ሻፍቱን በቁልፍ ቀስ አድርጎ ያዙረው፤ ሌሎቹ ጎንበስ ብለው የትኛው ፒስተን ሲወጣ የትኛው እንደሚወርድ ይቁጠሩ።