አብሽሪ፣ አምስተኛዋ ቅኝት

እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ የወለድኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን እንደ ምስጋና ቁጠሩልኝ። አምባሰልና ባቲን ለሙዚቃ የሰጠ ሀገር ለአራስ ምን ሰጠ ብትሉኝ "አብሽሪ"ን ነው የምላችሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አምስተኛዋ አብሽሪ። ክራር አትፈልግ ማሲንቆ አትፈልግ፣ ፍንጃል መሃል ጣል ትደረጋለች፣ አለቀ፣ ሴትየዋ ዝም ትላለች።

የኔን ልንገራችሁ። በወለድኩ በ19ኛው ቀን ነው፣ ቀኑን ያወኩት ባሌ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በእስክሪብቶ ስለሚሰርዝ ነው እንጂ እኔማ ሌሊትና ቀኑ ራሱ ተደባልቆብኝ ነበር። ጨቅላ ልጅ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፣ ይሄን ነርሷ ነግራኛለች፣ ያልነገረችኝ አንዴ ማጥባት 40 ደቂቃ ሊፈጅ እንደሚችልና እስከ ቀጣዩ የቀረችዋን ጊዜ ማስገሳትና ጨርቅ መቀየር እንደሚበላት ነው። ግራ ጡቴ ተቆጥቶ ድንጋይ ሆኗል፣ የለበስኩት ቀሚስ ደረቱ ላይ ወተት ደርቆበት እንደ ካርቶን ቆሟል፣ አናቴ ላይ ያለው ቅቤ ደሞ በሻሹ ስር እየቀለጠ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። እናቴ እኔን ልታርስ መጥታ 19 ቀን ሙሉ ጠያቂ ስታርስ ከርማለች፣ አንዱን ገንፎ አውጥታ ሌላውን ታገነፋለች።

እና በዛን ቀን ገንፎው ተበልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጣደ፣ የእጣኑ ጭስ ከጦሳ ተራራ ጉም ብሶ ሰው ከሰው አላይ ሲል አንዷ "እንዴት ነሽሳ ልጄ?" አለችኝ። እኔ ሞኟ ጥያቄ መሰለኝ። "ኧረ ደክሞኛል፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ አንዳንዴ ልጁን ሳየው የማን እንደሆነ ራሱ ግራ ይገባኛል" አልኳት።

ፍንጃል ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ወላሂ ጀበናዋ ራሷ መፍላት ያቆመች ነው የመሰለኝ።

"አስተግፊሩላህ በይ!" አንዷ። "በስመአብ፣ ድንግል ማርያም በሰላም ገላግላሽ እንዲህ ይባላል?" ሌላዋ። "ስንቷ አለች የልጅ ሽንት የናፈቃት" ሶስተኛዋ። ወሎ ተቻችሎ ይኖራል ሲባል እንግዲህ ይሄንንም ይጨምራል፣ በአረፋ ይጠራራሉ በገና ይጠራራሉ፣ አራስ ዝም ማሰኘት ላይ ሲደርሱ ደሞ ልዩነት የሚባል ነገር የለም። አራተኛዋ 8ቱንም ቤቷ ወልዳ በሳምንቷ እንጀራ እንደጋገረች ነገረችን፣ እሷ ምጣድ ላይ ስትሆን ልጁን ማን ይዞት እንደነበር ግን ሳትነግረን አለፈች። ከዛ ሁሉም ባንድ አፍ፣ አብሽሪ።

ፈረንጅ ምን ያህል እንደሚደክም ተመልከቱ። እነሱ አቆጣጠር በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የኤድንበርግ መለኪያ የሚሉትን ሰሩ፣ አራሷ 10 ጥያቄ ትመልስና ነጥቧ ተደምሮ ድባቴ ይዟት እንደሆን ይገመታል። 10 ጥያቄ! እኛ በአንድ ጥያቄ ነው የምንጨርሰው፣ እሱም መልሱን ይዞ የሚመጣ ነው፣ "ደህና ነሽ አይደል?" የአለም ጤና ድርጅት ደሞ በማደግ ላይ ባሉ ሀገሮች ከወለዱት እናቶች 19.8 ከመቶው የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ በብዛትም ድባቴ ነው ይላል፣ ከአምስት አራስ አንዷ በሉት። በኛ ሰፈር ዜሮ ነው። ቤት ለቤት ዞራችሁ ጠይቁ፣ አንዷም አትነግራችሁም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ያለ ነው፣ ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀ ባለሙያ ይያት የሚሉት ነገርም አለ፣ በ19ኛው ቀን የኔ ባለሙያዎች አምስት ሆነው ፍራሽ ላይ ተደርድረው ፈንዲሻ እየበሉ ነበር።

ጥበቃቸውን ግን አልክድም። ምች እንዳይመታኝ ትራስጌዬ ቢላ አለ፣ ሽንት ቤት ስሄድ ብረት ይዤ ነው፣ በር ሲከፈት ሶስት ሰው ነው "ብርድ!" ብሎ የሚጮኸው። "አራስ ነብር" የሚል አባባል ያለን ህዝብ እኮ ነን! ነብሯ ስትወልድ እንደሚብስባት አባቶቻችን ጫካ ድረስ ሄደው አይተዋል፣ ማንም ጠጋ ብሎ አብሽሪ አላላትም መሰለኝ፣ ቢላትማ አባባሉ አይኖርም ነበር።

ባሌም ምስጋናው አይቅርበት። ኮምቦልቻ ነው የሚሰራው፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር ይሰጣል፣ ሶስቱም ቀን የዘመድ ስልክ በማንሳት አልቆ በአራተኛው ቀን የሀረጎን ቁልቁለት ወደ ስራው ወረደ። ማታ ሲመጣ ታዲያ ሽንት ቤት ደርሼ እስክመለስ ልጁን ያዘልኝ፣ ቤቱ በምርቃት ተናወጠ፣ "ታድለሽ፣ ያግዝሻል!" እኔን ማንን እያገዝኩ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። (ሰውየው ጥሩ ሰው ነው በነገራችን ላይ፣ እሱም አፍሯል።)

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደሞ ዘመናዊ ነች፣ ስሜትሽን አታፍኚው፣ እናቶች እውነቱን በግልፅ ማውራት አለብን ምናምን የሚል ቪድዮ በቲክቶክ ትለቃለች፣ ሜካፗ አንድ ፍሬ ሳይበላሽ ታለቅሳለች። እኔም አምኜ በቴሌግራም የ6 ደቂቃ ቮይስ ላኩላት። ሁለቷ ራይት መጣች። በማግስቱ መልሷ ገባ፣ አንድ ልብና አንድ የሚፀልይ እጅ። አብሽሪ በኢሞጂ እንዲህ እንደምትፃፍ ያን ቀን አወኩ።

የዛን ቀን በረካው ተጠጥቶ ሁሉም ሲወጣ ያቺ 8 የወለደችው ሴትዮ ቀረች። ልጁን ከጉያዬ ወስዳ "ተኝ" አለችኝ። መተኛት አልቻልኩም፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ሳለሁ ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች፣ ለልጁ ይሁን ለኔ አላወኩም። የመጀመሪያዋን የወለደች ጊዜ ሀይቅ ከተማ ነበሩ፣ አንድ ሌሊት ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ አልተው ስትላት መደቡ ላይ አስተኝታት ወጥታ አጥሩ ስር ቆማ አነጋች፣ ጆሮዋን በነጠላ ጠቅጥቃ። "ልሄድ ነበር" አለች፣ "የት እንደምሄድ ግን አላወኩም።" ለማን ነገርሽ አልኳት። "ለማን ይነገራል?" አለች፣ ልጁን መታ መታ እያደረገች።

በር ተንኳኳ፣ ሌላ ጠያቂ። ሴትየዋ ብድግ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ድምጿ ወዲያው ግቢው ድረስ ተሰማ፣ "ግቡ ግቡ፣ ምንም አትል፣ ተኝታ ጠግባ ነው የምትውል!" እነሱም ጫማቸውን እያወለቁ ገና ፊቴን ሳያዩት፣ "ማሻአላህ፣ እንዴት ወፍራለች!"