ልጁን እስከ ኦገስት ቤት አታስቀምጡት

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚመጣ ቤተሰብ የሚገባው ቪዛው በደረሰበት ወር ነው። ፌብሩዋሪ ሊሆን ይችላል፣ ኤፕሪልም። ትምህርት ግን ከተጀመረ ወራት አልፈዋል። ያን ጊዜ የዘመድ ምክር ይመጣል፦ «ዓመቱ አልቋል፤ ይረፍ፣ እንግሊዝኛውን ከቴሌቪዥን ይልመድ፣ ቤት ስትይዙ ታስመዘግቡታላችሁ።» ምክሩ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ልጁን ይጎዳል። በሦስቱም ቦታዎች ትምህርት እስከ 18 ዓመት ግዴታ ነው፤ ያን ብንተወው እንኳ ቤት የተቀመጠ ልጅ የቋንቋ ፈተናውን፣ የክትባት ቀጠሮውንና የክፍል ምደባውን ሁሉ አዲሱ የትምህርት ዓመት በሚከፈትበት በኦገስት ወረፋ ይጀምረዋል።

«ቤት ስትይዙ» የሚለው በተለይ መሠረት የለውም። ዘመድ ቤት የተጠጋ ቤተሰብ የአስተናጋጁን የኪራይ ውል ወይም የመብራት ሂሳብ፣ ከእሱ ጋር አብሮ እንደሚኖር የሚገልጽ የተፈረመ ፎርም ይዞ ይመዘገባል። አንዳንድ የትምህርት ወረዳ ፎርሙ ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት እንዲፈረም ይጠይቃል። በገንዘብ ችግር ወይም ቤት በማጣት ሰው ቤት የተጠጋ ልጅ ደግሞ ማኪኒ-ቬንቶ በሚባለው የፌዴራል ሕግ ወረቀት ባይሟላ እንኳ ወዲያውኑ እንዲመዘገብ መብት አለው፤ በየወረዳው ይህን የሚከታተል ሠራተኛ ስላለ «የማኪኒ-ቬንቶ ሠራተኛ» ብላችሁ ጠይቁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለመኖሩም ሆነ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ልጅን ከበር አይመልስም። የኋለኛውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኖታል።

እውነተኛው እንቅፋት ክትባት ነው። የኢትዮጵያ የክትባት ካርድ ላይ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ እዚህ ግን ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተሰጠ አይቆጠርም። ከዚያ በላይ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ኤምኤምአር፣ ኩፍኝን ከጆሮ ደግፍና ከሩቤላ ጋር የያዘውን፣ ሁለት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛ መርሐ ግብር የሌለው የቫሪሴላ (የጉድፍ) ክትባትም አለ። ሁለቱ ሕያው ክትባቶች ስለሆኑ ወይ በአንድ ቀን ይሰጣሉ ወይ በመካከላቸው 28 ቀን መጠበቅ አለበት። አንዱን ዛሬ ሌላውን በሳምንቱ ያስወሰደ ሰው ሁለተኛው ተቆጥሮለት አያውቅም፤ እንደገና መወጋት ነው። መድኅን የሌለው ከ19 ዓመት በታች ያለ ልጅ በካውንቲው ጤና ቢሮ ክትባቱን በነጻ ያገኛል። በሜሪላንድ በ20 ቀን ውስጥ የሚውል ቀጠሮ የያዘ ልጅ ክትባቱ እስኪሟላ በጊዜያዊነት ክፍል ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ለቪዛ ምርመራ ሲባል አዲስ አበባ የተወጋውን የሚያሳየውን ወረቀት ፈልጉ። ብዙ ሰው ሻንጣ ውስጥ ጥሎት ልጁን ደግሞ ያስወጋዋል። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ምርመራ ከተጠየቀ የቆዳ ሳይሆን የደም ምርመራ ለምኑ፤ በሕፃንነት የተሰጠው የቢሲጂ ክትባት የቆዳውን ውጤት ሊያሳስት ይችላል።

ቀጥሎ የቀን ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 የተወለደ ልጅ እዚህ ዲሴምበር 19፣ 2010 ነው። ካርዱ ላይ 10/4/2003 ተብሎ ከተጻፈና መዝጋቢዋ እንዳለ ከገለበጠችው ልጁ በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጃል፣ የክፍል ምደባውም ይበላሻል። የትምህርት ዘመኑም እንዲሁ ነው፦ «9ኛ ክፍል፣ 2015» የሚል ወረቀት አንባቢው ፊት ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈው ይመስላል። መድኃኒቱ ከመምጣታችሁ በፊት ነው፤ ትምህርት ቤቱ በማኅተም «የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር» ብሎ የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፣ የስሙም ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን።

የቤት ቋንቋ መጠይቅ ሲሰጣችሁ «እንግሊዝኛ» ብላችሁ አትሙሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ወላጅ «ልጄ ኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት) አይገባም» ብሎ ይኩራራል፤ ስጋቱ ልጁ ወደኋላ ይቀራል የሚል ነው። መጠይቁ የሚወስነው የእንግሊዝኛ ፈተናውን መውሰድ አለመውሰዱን ብቻ ነው። ልጁ ካለፈ ኢሶል አይመደብም። ካላለፈ ደግሞ እርዳታውን ያገኛል፤ ሒሳብና ሳይንስ አይቀርበትም። ስብሰባ ላይ ልጁ አስተርጓሚ ይሁን ማለትም ትክክል አይደለም። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ ያለ ክፍያ። በዲሲና በሞንትጎመሪ ካውንቲ አማርኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ «አማርኛ» በሉ።

ከ9ኛ ክፍል በላይ ለሆነው ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምረቃ በክሬዲት፣ ማለትም ባለፉት ኮርስ በሚቆጠር ነጥብ ነው፦ ሜሪላንድ ቢያንስ 21፣ ቨርጂኒያ ለመደበኛው ዲፕሎማ 22፣ ዲሲ 24። ትራንስክሪፕት ሳይዝ የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ጊዜ 9ኛ ይመደባል፤ ያንን ለማስተካከል አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ለሳምንታት ትምህርት ቤት ሲመላለስ ይከርማል። ስለዚህ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) በመጀመሪያው ቀጠሮ እነዚህን ጠይቁት፦ ከኢትዮጵያ ትምህርቱ ስንት ክሬዲት ተቆጠረለት? ያልተቆጠረው የትኛው ነው፣ ለምን? አማርኛን በፈተና አሳይቶ የቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በኋላ ካውንስለሩ ሲቀየር የሚናገርላችሁ ወረቀቱ ብቻ ነው።

በኤፕሪል የገባ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አብዛኛውን ክሬዲት በዚያ ዓመት አያገኝም፤ ይህን ከወዲሁ ንገሩት፣ ሰኔ ላይ ባዶ ሪፖርት ሲያይ ሰነፍኩ እንዳይል። የሚያገኘው ሌላ ነው፦ የቋንቋ ፈተናው ያልቃል፣ ለክረምት ትምህርት ስሙ በጊዜ ይገባል፣ ኦገስት ላይ አውቶቡሱንና የዕቃ ሣጥኑን (ሎከሩን) የሚያውቅ ተማሪ ይሆናል። ዕድሜው 18 ሞልቶ «ለአዋቂዎች ትምህርት ሂድ» ቢባል ደግሞ እሺ ብላችሁ አትውጡ፤ በሜሪላንድ ነጻ የሕዝብ ትምህርት 21 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ነው።