ዴንዘል ዝም ሲል እባካችሁ ዝም በሉ

ከዴንዘል ዋሽንግተን ትወናዎች አንዱን ምረጥ ብባል ዓይኔን ሳላሽ «ግሎሪ» እላለሁ። በፈረንጆቹ 1989 የወጣው ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ወገን ስለተዋጉ ጥቁር ወታደሮች ይተርካል። ዴንዘል ትሪፕ የሚባል፣ ከባርነት ያመለጠ ወታደር ሆኖ ይጫወታል። እግሩ ቆስሏል፣ ደህና ጫማ የለውም። ጫማ ፍለጋ ከካምፑ ሲወጣ ተይዞ፣ ከድተሃል ተብሎ ጓደኞቹ ፊት ይገረፋል። ሸሚዙ ሲገፈፍ ጀርባው የድሮ ጅራፍ ጠባሳ ብቻ ነው። ትሪፕ አይጮህም፣ አይለምንም። የሚያስገርፈውን አዛዥ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። አንድ እንባ በጉንጩ ይወርዳል። በዚህ ፊልም በረዳት ተዋናይነት የመጀመሪያውን ኦስካር ወሰደ።

ዘንድሮ ባሕር ዳር ገብቼ፣ አባይ ማዶ እህቴ ቤት፣ ይህንኑ ፊልም በአማርኛ ትርጉም አየሁት። የእህቴ ልጅ ነው በፍላሽ ያመጣልኝ። ሸሚዙ ሲገፈፍ እናቴ የቡናውን ስኒ እንደያዘች «ውይ! ይሄ ልጅ እኮ ድሮም ተገርፏል» አለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። ማንም አልነገራትም፤ ጀርባውን አይታ ነው። ወዲያው ተርጓሚው ገባ። «አሁን ትሪፕ በጣም ተናደደ! ውስጡ እየተቃጠለ ነው! ይሄን ቂም መቼም አይረሳውም!» እንባው በወሬው መሃል ወርዶ አለፈ። ደሜ ፈላ።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ጀርመኖችም የውጭ ፊልም የሚያዩት ባብዛኛው በራሳቸው ቋንቋ ነው። ለየገጸ ባሕርዩ ድምፁን የሚሰጥ ባለሙያ አለ። ለትልልቆቹ ኮከቦች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊልም ፊልም ያው አንድ ሰው ነው። ዴንዘልን በጀርመንኛ መስማት እስከ ዛሬ አልወደውም፤ የራሱን ድምፅ የነጠቁኝ ያህል ይሰማኛል። ግን እሱ ዝም ሲል እነሱም ዝም ይላሉ። እኛ ጋ ይህ ለምን ይጠፋል?

የኛ ልጆች ሥራ ቀላል ነው አላልኩም። አንድ ልጅ አንድ ማይክ ይዞ ወንዱንም ሴቷንም ሕፃኑንም ይሆናል። እናቴ ፊልም ተቀምጣ የምታየው በነሱ ምክንያት ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። በማግስቱ «ትሬኒንግ ዴይ»ን ከፈትን፤ በ2001 ወጥቶ በዋና ተዋናይነት ኦስካር ያስገኘለትን። አሎንዞ፣ ያ የተበላሸ መርማሪ፣ ጀማሪውን ፖሊስ መኪና ውስጥ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ተርጓሚው በአራዳ ቋንቋ ሲለቀው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። የአሎንዞ ጉልበቱ አፉ ነውና ትርጉሙ ልክክ አለ።

«ማልኮም ኤክስ» ግን ሌላ ነው። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማልኮም ስፓይክ ሊ በ1992 የሠራው፤ ማልኮምን የሚሆነው ዴንዘል ነው። መጨረሻው አካባቢ ማልኮም ወደሚገደልበት አዳራሽ ሲሄድ የምናየው ፊቱን ነው። የሚጠብቀውን የሚያውቅ ሰው ፊት። የዚያን ዓመት ኦስካሩን አል ፓቺኖ ወሰደው፤ እኔ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

የእህቴን ልጅ ያዝኩት። «ለምንድን ነው ዝም የማይሉት?» «ጋሼ፣ ዝም ካሉ ሰው ድምፁ ጠፋ ብሎ ይዘጋዋል» አለኝ። ይህን አልቀበልም። ለቅሶ ቤት ገብቶ አንድም ቃል ሳይናገር ተቀምጦ የሚወጣ ሕዝብ፣ ዝም ያለ ሰው ፊት ማንበብ ያቅተዋል? እናቴ እኮ ከተርጓሚው ቀድማ ጀርባውን አንብባለች።

ስለዚህ «ፍላይት»ን ለመተርጎም የምታስቡ ልጆች ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። የ2012 ፊልም ነው። ዴንዘል ጠጪ አብራሪ ነው። ነገ ስለ ወደቀው አውሮፕላኑ የሚጠየቅበት ምርመራ አለበት፤ እንዳይጠጣ ሆቴል ውስጥ ይጠበቃል። ሌሊት ግን የጎረቤት ክፍል በር ክፍት ሆኖ ያገኘዋል። እዚያ መጠጥ የሞላው ትንሽ ፍሪጅ አለ። አንዷን ትንሽ ጠርሙስ ያወጣል፣ ይከፍታል፣ ያሸታል፣ መልሶ ፍሪጁ ላይ ያስቀምጣታል። ካሜራው ጠርሙሷ ላይ ይቆያል። እዚያ ጋ ስትደርሱ «ይጠጣ ይሆን?» ብላችሁ እንዳትጠይቁን። ማይኩን አጥፉት።