መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ወጪውን ማን ያስላ?

በየዓመቱ ሰኔ ላይ አራት ኪሎ ፓርላማው የቀጣዩን ዓመት በጀት ይወያይበታል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ማዳበሪያው ብዙ ጥያቄ ይነሳል። የመከላከያው በጀት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ሆኖ ያልፋል። በ2014 በጀት ዓመት መጀመሪያ 22 ቢሊዮን ብር ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ በዓመቱ አጋማሽ ለመከላከያ፣ ለሰብዓዊ እርዳታና ለመልሶ ግንባታ የሚሆን 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። በ2015 ከጠቅላላው 786.6 ቢሊዮን ብር 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተያዘ። በ2016 ደግሞ ወደ 50 ቢሊዮን ወረደ።

ቁጥሩ ለምን እንደዚያ እንደዘለለ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የሚያሳስበኝ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ስሌት ነው። ዛሬ የሚገዛ አንድ ተሽከርካሪ፣ አንድ ራዳር፣ አንድ አውሮፕላን በሚቀጥሉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ስንት ያስወጣናል? ይህን የሚያሰላ፣ ከገዢውም ከሻጩም ነፃ የሆነ የባለሙያዎች ክፍል ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ሶማሌ ተራ ብቅ ብሎ ያየ ያውቀዋል። ሰውየው የተበላሸውን ዕቃ በፌስታል ይዞ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። «ኦሪጅናሉ አለ? ስንት ነው? ከሌለስ የየት አገር ነው ያለው?» ከተማው በቪትዝና በኮሮላ የተሞላውም ለዚህ ነው። እዚህ አገር መኪና የሚገዛ ሰው «መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል ወይ?» ሳይል ቀብድ አይከፍልም። ለራሳችን መኪና እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በሕዝብ ገንዘብ ለሚገዛ ታንክና ሄሊኮፕተር ይህንኑ ጥያቄ በይፋ መጠየቅ አለብን።

በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ። መሣሪያ ሲገዛ የሚከፈለው ዋጋ የጠቅላላ ወጪው ትንሹ ክፍል ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ አንድ የጦር መሣሪያ በዕድሜ ዘመኑ ከሚጠይቀው ገንዘብ 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ለማንቀሳቀስና ለመጠገን ነው። ነዳጅ፣ ጎማ፣ የሞተር ዕድሳት፣ የመካኒክ ደመወዝ፣ የአብራሪ ሥልጠና፣ የመጋዘን ኪራይ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ኤፍ-35 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሥራ ላይ ለማቆየት ብቻ የሚያስፈልገው ገንዘብ እ.አ.አ. በ2018 1.1 ትሪሊዮን ዶላር ተብሎ ተገምቶ ነበር። በ2023 ግምቱ ወደ 1.58 ትሪሊዮን ከፍ አለ። የዓለም ሀብታሙ ጦር እንኳ በዚህ ነገር ይጨነቃል።

ለእኛ ግን የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ነው። አገሪቱ እ.አ.አ. በ1999 ትልቅ የመሣሪያ ግዢ ተዋዋለች። በዚያ ግዢ በመጨረሻ 26 ግሪፐን የተባሉ የስዊድን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ወሰደች። አውሮፕላኖቹ ጎበዞች ናቸው፣ ማንም አይክድም። ሆኖም በ2013 የመከላከያ ሚኒስትሯ ከ26ቱ 12ቱ ለረጅም ጊዜ ተከማችተው እንዲቀመጡ መደረጉን ተናገሩ። ማብረሪያ ገንዘብ አልነበረም። ከ2021 መስከረም ጀምሮ ደግሞ የጥገናው ውል ባለመታደሱ ለአንድ ዓመት ያህል ግሪፐኖቹ ሁሉ መሬት ላይ ቆሙ። ግዢው ሲፈረም የዓመት የበረራ ሰዓቱ፣ የጥገና ውሉና የበጀቱ አቅም አንድ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት በቁጥር ያነሱ ግን የሚበሩ አውሮፕላኖች ይኖሯት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ እንዲደርስ አልፈልግም።

ታዲያ ገና ያልተሠራ ወይም ያልተገዛ ነገር ወጪው እንዴት ይገመታል? መንገዶቹ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ከተመሳሳይ ነገር ጋር ማወዳደር ነው። ቀድሞ የገዛኸው ብረት ለበስ በዓመት ስንት ፈጀ፣ አዲሱስ በክብደት፣ በሞተር፣ በመሣሪያ ምን ያህል ይበልጣል ብለህ ታስተካክላለህ። ሁለተኛው ከብዙ የቆየ መረጃ ቀመር ማውጣት ነው። ክብደትና ፍጥነት ሲጨምር ዋጋ በምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ቀመር ማለት ነው። ይህን ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.አ.አ. በ1950ዎቹ አዳብሮታል። ሦስተኛው አድካሚው ነው። እያንዳንዱን ክፍልና እያንዳንዱን የሥራ ሰዓት ዘርዝሮ ከታች ወደ ላይ መደመር። ጥሩ ገማች አንዱን ብቻ አይዝም፤ በአንዱ ያገኘውን በሌላው ይፈትሻል። ውጤቱንም አንድ ቁጥር አድርጎ አያቀርብም። «ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል፣ ከዚህ የመብለጡ ዕድል ይህን ያህል ነው» ይላል። እኛ ዘንድ በጀት ሲነገር በጣም የምፈልገው ይህ ዓይነቱ አነጋገር ነው።

ከስሌቶቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ እ.አ.አ. በ1936 ራይት የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ያወጣው ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚሠራው ብዛት በእጥፍ ባደገ ቁጥር አንዱን ለመሥራት የሚወስደው ጉልበት ወደ 80 በመቶ እንደሚወርድ አሳየ። የመጀመሪያው 100,000 የሥራ ሰዓት ከፈጀ ሁለተኛው 80,000፣ አራተኛው 64,000፣ ስምንተኛው 51,200 ይፈጃል። ሠራተኛው እየለመደ ይሄዳል። የዚህ ተቃራኒ ግን አደገኛ ነው። ብዛቱ ሲቆረጥ የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል። አሜሪካ ቢ-2 የተባለውን ቦምብ ጣይ 132 ልትሠራ አቅዳ 21 ላይ አቆመች። ለምርምር የወጣው ሲከፋፈል አንዱ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። የአገር ውስጥ የመሣሪያ ምርትን የምናስብ ሰዎች ይህን ስሌት ከፊት ማስቀመጥ አለብን። አሥር ለመሥራት ፋብሪካ መትከልና አምስት መቶ ለመሥራት መትከል ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ግምት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሲፈርስ የሚጮህ ደወል ያስፈልጋል። አሜሪካኖች እ.አ.አ. በ1982 ያወጡት ሕግ አላቸው። የአንድ ፕሮግራም የነጠላ ዋጋ አሁን ከተያዘለት መነሻ በ25 በመቶ ወይም ከመጀመሪያው መነሻ በ50 በመቶ ከበለጠ፣ መከላከያው ለምን መቀጠል እንዳለበት ለኮንግረስ በጽሑፍ ካላረጋገጠ ፕሮግራሙ ይቆማል። በ2024 ሴንቲኔል የተባለው የሚሳይል ፕሮግራም እዚህ ውስጥ ገባ። ወጪው በ81 በመቶ አድጎ ወደ 141 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ሲመረመር አብዛኛው ጭማሪ ከሚሳይሉ ሳይሆን ከማስወንጨፊያ ጣቢያዎቹ፣ ማለትም ከሲሚንቶውና ከኬብሉ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ፕሮግራሙ ቀጠለ። ሕዝቡ ግን የት እንደተሳሳቱ አወቀ።

ስለ ባሕር ኃይላችን ሳስብም ህንድ ትዝ ትለኛለች። ከሩሲያ ያገለገለ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ልትገዛ እ.አ.አ. በ2004 በ974 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለች። ዕድሳቱ ሲጀመር ያልታየው ሁሉ ታየ። በ2010 ዋጋው 2.35 ቢሊዮን ሆኖ እንደገና ተፈረመ፤ መርከቡን የተረከበችው በ2013 ነው። እኛም የባሕር ኃይልን መልሰን እያቋቋምን ነው። የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1983 ወደ የመን ሸሽታ፣ ቆይቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ያ ትዝታ ለሚያመን ሰዎች፣ አዲሱ እንዲጸና ከመጀመሪያው መርከብ በፊት ወደቡን፣ ዶኩን፣ ሠራተኛውን፣ ዕድሳቱን ማስላት ግድ ነው።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 74 ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የመለዋወጫ ውል በ57.5 ብር 575 ሚሊዮን ብር ነው። ዶላሩ 120 ሲገባ ያው ውል 1.2 ቢሊዮን ይሆናል። አንድም ብሎን ሳይጨመር ማለት ነው። የእኛ ገማቾች የምንዛሪን ስጋት ከአሜሪካኖቹ በተለየ ትኩረት መያዝ ያለባቸው ለዚህ ነው።

«ይህ የአገር ምስጢር ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ስንት እንዳለን፣ የት እንዳስቀመጥነው፣ ምን ያህል እንደሚተኩስ ጠላት ማወቅ የለበትም። የግዥ ሕጋችንም ለመከላከያ የተለየ አሠራር ይፈቅዳል። ነገር ግን የተለየ አሠራር ማለት ያለ ተመልካች መሥራት ማለት አይደለም። ኅዳር 2011 የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለ ሜቴክ ሲናገሩ፣ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ነግረውናል። ያን ዕለት የደነገጥን ሰዎች ሥጋታችን ከዚያ ጀምሮ አልለቀቀንም። ዋና ኦዲተር የሚደርሰው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ የምለው ከመውጣቱ በፊት በዝግ ስብሰባም ቢሆን፣ ምስጢር ለመጠበቅ ቃለ መሐላ በፈጸሙ የቋሚ ኮሚቴ አባላት ፊት፣ ነፃ ግምት ይቅረብ ነው።

ይህን የምለው ለመከላከያው ክፉ ስለማስብ አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ግምቱ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚጎዳው ወታደሩ ነው። የቆሰለ ጓዱን ሊያወጣበት የሚገባው መኪና ፓምፕ አጥቶ ጋራዥ የቆመበት እሱ ነው። የኮንቮዩ ጎማ አልቆ በእግሩ የሚሄደውም እሱ ነው።

ሰው አይጠፋም። አምስት ኪሎ መሐንዲሶች አሉ፣ ስድስት ኪሎ ኢኮኖሚስቶች አሉ፣ ቢሾፍቱ የመከላከያው የራሱ የምህንድስና ኮሌጅ አለ። ከሦስቱ የተውጣጡ ጥቂት ባለሙያዎች በከባድ መኪኖች ይጀምሩ። መኪናው ምስጢር የለውም፤ መንገድ ላይ ሁላችንም እናየዋለን። በእያንዳንዱ ሞዴል ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ፣ ስንት ሊትር ፈጀ፣ በየስንት ጊዜው ጋራዥ ገባ፣ ምን ተቀየረለት፣ ስንት ቀን ቆመ የሚለውን ከነዳጅ መዝገቡና ከጥገና ካርዱ ይሰብስቡ። ቀጣዩ የመኪና ግዢ ለውሳኔ ሲቀርብ ይህ ሠንጠረዥ ከሻጩ ፕሮፎርማ ጋር ተያይዞ ይቅረብ።