ሞተሩ ዘላለማዊ ነው፣ መለዋወጫው ግን አልቋል

ሰሞኑን ጎንደር ማራኪ አካባቢ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ቡና እየጠጣን አንድ የቆየ ፊልም አከራከረን። «ስኖውፒርሰር» ይባላል። ኮሪያዊው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ እ.ኤ.አ. በ2013 ለእይታ ያበቃው ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የምድር ሙቀት መጨመር ያስጨነቃቸው መንግሥታት ያቀዘቅዛል ያሉትን ኬሚካል ሰማይ ላይ ይረጫሉ። ቅዝቃዜው ከልክ ያልፍና ዓለም በሙሉ በረዶ ይሆናል። የተረፈው ሰው አንድ ባቡር ላይ ተሳፍሯል። ባቡሩ ከቆመ ሁሉም ያልቃል፤ ስለዚህ ዓለምን እየዞረ 17 ዓመት ይሮጣል። ሀብታሙ ከፊት፣ ድሃው ከጭራ። ሞተሩን የሠራው ዊልፎርድ የሚባል ሰውዬ ይመለካል። ሞተሩ ራሱ «ቅዱስ» ነው፤ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ይዘምሩለታል።

ከተማሪዎቹ ግማሾቹ «እንዲህ ዓይነት ሞተር የሚባል ነገር የለም» አሉ። ሌሎቹ «ፊልም እኮ ነው፣ ምን አካበዳችሁ» አሉ። እኔ ከሁለቱም አልሆንኩም። ፊልሙ በፊዚክስ ውሸታም ነው። በጋራዥ ጉዳይ ግን የሱን ያህል እውነት የተናገረ ፊልም አላየሁም።

መጀመሪያ ውሸቱን እንጨርሰው። ባቡሩ 438 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ሐዲድ በዓመት አንድ ጊዜ ዞሮ ይጨርሳል። ዓመቱ ውስጥ ላለው 8,760 ሰዓት አካፍሉት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ከአዘዞ ፒያሳ ሰው ጭኖ የሚወጣ ሚኒባስ በሉት። ፍጥነቱስ ምንም አይልም። ጉዱ ነዳጁ ላይ ነው። ሞተሩ ነዳጅ አያስፈልገውም፣ ራሱን በራሱ ያሽከረክራል ይሉናል። ኃይል ደግሞ ከምንም አይፈጠርም፤ ያለውም በሰበቃና በሙቀት እየባከነ ያልቃል። ይህ ባቡር መሮጥ ብቻ ቢሆን ሥራው ደግ ነበር። በረዶ እየሰበረ ያልፋል፣ ፉርጎዎቹን ያሞቃል፣ የአትክልት ቦታና የዓሣ ገንዳ አለው፣ ጭፈራ ቤት ሳይቀር አለው። ይህን ሁሉ የሚያበራው መብራት ከየት መጣ? መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሳ የፒያሳ ነጋዴ ይህን ለመጠየቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልገውም።

እኔን ይበልጥ ያሳቀኝ ግን ሐዲዱ ነው። ብረት በብርድ ይኮማተራል። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢወርድ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲም ያህል ያጥራል። እንዳያጥር ታስሮ ከተያዘ ይወጠራል፣ ሲብስበት ይሰነጠቃል። ናፍጣ ይረጋል፣ ግሪስ ይጠጥራል። በሳይቤሪያ የጭነት መኪና ሾፌሮች በከባዱ ክረምት ሞተር ሳያጠፉ የሚያድሩት ወደው አይደለም። ጠዋት ደባርቅ ላይ መኪናው አልነሳ ብሎት ሰው ለምኖ ያስገፋ ሾፌር ነገሩ በትንሹም ቢሆን ይገባዋል። ታዲያ ያንን ሁሉ ሐዲድ ለ17 ዓመት ማን ጠገነው? ፊልሙ ትንፍሽ አይልም።

አሁን ወደ እውነቱ። (ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ መጨረሻውን ልናገር ነው፤ ይቅርታ፣ ከወጣ ግን ስንት ዓመቱ።) የጭራው ሰዎች አምፀው፣ ስንቱ ሞቶ፣ መሪያቸው ሞተሩ ክፍል ይደርሳል። የወለሉ ክዳን ሲነሳ ከሥር አንድ ሕፃን ተጣጥፎ ተቀምጧል። ገና አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በትንሿ እጁ አንድ ነገር እየደጋገመ ያንቀሳቅሳል። የሞተሩ አንድ ዕቃ አልቆ ምትክ አልተገኘም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ሰው አይገባም። ስለዚህ ከጭራው ፉርጎ ሕፃናት በቁመት ተለክተው መጡ። ዘላለማዊ የተባለው ሞተር በመለዋወጫ እጦት ሊቆም ነበር ማለት ነው። ለዚያውም ጉድለቱን ሕፃን ደበቀለት።

ይህን አዘዞ መንገድ ላይ ጋራዥ ላለው አንድ መካኒክ ነገርኩት። እጁን በናፍጣ እያጠበ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ቶርኖ የላቸውም እንዴ?»

ብረት እየቀረጸ ዕቃ የሚያወጣውን ማሽን ማለቱ ነው። ሳቅኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው ልክ ነው። ባቡሩ ላይ ልብስ ሰፊ አይተናል፣ የጥርስ ሐኪም አይተናል፣ ቫዮሊን የሚጫወት ሽማግሌ አይተናል። አንድ ቶርኖ፣ አንድ ብየዳ፣ አንድ ሙያ የሚያስተምር ሰው ግን አላየንም። ስለ ሞተሩ የሚዘምሩት ሕፃናት ሞተሩ እንዴት እንደሚፈታ አንድም ቀን አይማሩም። በ17 ዓመት ውስጥ እኮ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ አድጎ፣ የለየለት መካኒክ ይሆን ነበር።

እዚያው ጋራዥ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። አሥራ አንድ ወይ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እኛ ስናወራ እሱ አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ሥር ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኝቶ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ብሎን አገኘሃት?»

«አግኝቻታለሁ ጋሼ፤ ትዞራለች እንጂ አትወጣም።»

«በጣትህ ደግፋት በቃ። የኔ እጅ እዚያ አይገባም።»

ሲወጣ አየሁት። እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። አውራ ጣቱ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ብሎኗን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየን፤ ደስ ብሎታል።

መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ምሳ ያበላዋል፣ ሲያጠፋ ይቆጣዋል፣ ሙያውን አይደብቀውም። ራሱም ያደገው በዚሁ መንገድ ነው። ዕቃ ግን ውድ ነው፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚላከው ኩሽኔታ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ደህና መፍቻ የለም፣ መኪና ማንሻው አሮጌ ነው። የጎደለው ሁሉ በልጅ ጣት ይሞላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን (ቁጥር 1156/2011) ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል። አዋጁን ጋራዡ ውስጥ ባነሳው መካኒኩ እንኳ «ልክ ነው» ይለኛል። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለጎንደር ደግሞ ይህ የዛሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ዛሬ ቱሪስት የሚጎበኛቸው ቤተ መንግሥቶች ሲገነቡ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ገበሬው ማረሻና ማጭዱን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ያለ ማረሻ እህል የለም። ማረሻውን የሚሠራው ሰው ግን የሚያርሰው ርስት አልነበረውም። እኛስ ምን እንለው ነበር? ቡዳ። በቀን ማረሻ አሠርተን ማታ ልጆቻችንን ከዓይኑ እንሸሽግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የዊልፎርድን ወለል ሳይ ትዝ ያለችኝ ወለቃ ናት። ሞተሩን የሚያሽከረክረው እጅ እንዳይታይ ክዳን ይደረግበታል፤ ሞተሩ ይዘመርለታል።

አፄ ቴዎድሮስ ይህ ነገር የገባቸው ይመስለኛል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያኑን መድፍ ሥሩ ብለው ሲያስጨንቋቸው፣ የተሠራ መድፍ መግዛት ብቻ አልነበረም ፍላጎታቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 ሚሲዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩትም ያስጠየቁት የእጅ ባለሙያ ነበር። ሰው አስሮ ማሠራት ልክ ነበር እያልኩ አይደለም፤ መጨረሻውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን የቋራው ሰው መሣሪያውንና ሠሪውን ለይተው አይተዋል። የጅቡቲው አሮጌ ባቡርም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው ድሬዳዋ ላይ የራሱ ጋራዥ ስለነበረው ነው። ዕቃ ሲጠፋ እዚያው በቶርኖ ይቀረጽ ነበር።

«ፊልሙ እኮ ስለ ሀብታምና ድሃ ነው» ያለኝ ተማሪ አለ። ነው እንጂ። የጭራው ሰው ከበረሮ የተሠራ ነገር ሲበላ ማየት ለማንም ግልጽ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊልፎርድ ለአመፀኛው መሪ ወንበሩን ሊያወርሰው ይፈልጋል። መሪው እሺ ብሎ ቢቀመጥስ? አለቃው ተቀየረ፣ ዕቃው ግን ያው አልተገኘም። ሕፃኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀጥላል። ጭራውን ፊት፣ ፊቱን ጭራ ብታደርጉት ቶርኖ አይበቅልም።

ጎንደር ባቡር የላትም። ይመጣል ሲባል እንሰማለን፤ ቢመጣ ደስ ይለኛል። በስብሰባ ላይ ዕድሉን ካገኘሁ ግን ስለ ጣቢያው ሕንፃ አልጠይቅም። ጋራዡ የት ይሠራል? ስንት ቶርኖ ይገባለታል? የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለልምምድ እዚያ ይገባሉ ወይስ በር ላይ ይመለሳሉ? የአዘዞ መንገዱ ልጅ ደግሞ ባቡር እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። እስከ 15 ዓመቱ ቦታው ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጋራዥ ከገባም ሠልጣኝ ተብሎ ይመዝገብ፣ የተማረው ለብቃት ምዘና ይታሰብለት፣ ደሞዝ ይከፈለው። መካኒኩ እስከዚያ ባለ ረጅም አንገት መፍቻ ይግዛ። ስጠይቀው «ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ» ብሎኛል። መንገዱ ከተከፈተ።